የካፒቴኗ ልጆች

ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ከፍታ ማሽኗ ፊት ከመቀመጧ በፊት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ታበራና ድምፁን ጭራሽ ትዘጋዋለች። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ደንበኞቿ፣ «ዛሬም ዲዳ ነው?» ሲሏት፣ «ከሚለፈልፍ ይሻላል» ብላ ክሯን በመርፌው ቀዳዳ ታሾልካለች።

ነገሩ የቆየ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ልጅ ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ጫማውን እንኳ ማሰር አያውቅም። ቤት የነበረው ቴሌቪዥን ሥዕሉ ደህና ሆኖ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አባታቸው «አሠራዋለሁ» እያለ ከረመ። በየሳምንቱ ግን በአንድ ተከታታይ ፊልም አንዲት ካፒቴን የጠፈር መንኮራኩሯን እየነዳች በከዋክብት መሀል ታልፋለች። ወንድሟ፣ «እትዬ፣ ምን አለች?» ይላል። እሷም ትነግረዋለች፤ ካፒቴኗ ሁለት ልጆች እንዳሏት፣ መንገድ እንደጠፋባት፣ ከጠላት ጋር ስትታኮስ እንኳ «ልጆቼ ይጠብቁኛል» እንደምትል። ሁሉንም ከልቧ አውጥታ።

ያ ልጅ ዛሬ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የሴት ልጅ አባት ነው። በቀደም ሱቋ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ የኛ ፊልም እንደ አዲስ ተሠራ አሉ። በገዛ ቋንቋችን፣ ከነድምፁ። እኔ ቤት እናየዋለን።»

«ላም አለኝ በሰማይ ነው እኮ የሱ ነገር። ተወው።»

«ላሚቱን ያሳየሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ሳቀች። ስፌቱ ግን ከመስመር ወጣ።

እምቢ ማለት አልሆነላትም። ቀኑ ሲደርስ ሶፋው ላይ ከጎኑ ተቀመጠች። ድሮ በጥቁርና ነጭ ያዩት ሰማይ አሁን ሐምራዊ ሆኗል። ማማሩን አልካደችም። ካፒቴኗ አፏን ስትከፍት ግን ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ድካም የተጫነው ነው፤ ያኔ እሷ ካዋሰቻት ቀጭን ድምፅ ጋር አይገናኝም። ይቺ ሴት ጓደኞቿን ከድታ የምትሸሽ ናት። የሚጠብቃት ሰው የለም።

«ምን አድርገዋት ነው?» አለ ሾፌሩ። «ልጆቿን የት ጣሏቸው?»

«የምን ልጆች፣ አባዬ?» አለች ሴት ልጁ። «የድሮውንም ከነድምፁ አይቼዋለሁ እኮ። ድሮም ልጅ የላትም።»

ሾፌሩ ወደ እህቱ ዞረ። እሷ ጉልበቷ ላይ ያረፉ እጆቿን ታያለች።

ሾፌሩ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን ዘጋው።

«በይ እትዬ። አሁን ምን አለች?»

ካፒቴኗ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ልብስ ሰፊዋ ልትጀምር ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ሪሞቱን ከእጁ ወሰደችና ድምፁን መለሰችው።

«የራሷን ትናገር» አለች። «እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ የምለፈልፍባት።»

ይህ ሁሉ ቢጻፍ አይከፋትም። «አንዱን ግን ተዪው» ብላ ታሪኩን የምጽፈውን እኔን ለምናኛለች፤ የድሮው ፊልም ሲያልቅ መንኮራኩሯ በእሳት ስትያያዝ፣ ለወንድሟ «ደረሰች፣ ቤቷ ገባች» ብላ እንደነገረችው፤ በማግስቱ ጠዋትም ልጁ ፊቱን ታጥቦ፣ ጫማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ አስሮ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እናቱን ሲጠብቅ እንዳገኘችው።