አይቶ የሸሸገም

በግቢያችን መኪና ማቆሚያ የእኔ መኪና ለብቻዋ ነው የምትቆመው። በግራዋም በቀኟም አንዳንድ ቦታ ባዶ ይተዋል። ተው ያለ ሰው የለም፤ ግን ማንም አይገባበትም። እንግዳ የመጣ ሰው ሳያውቅ ከጎኗ ካቆመ ጋባዡ ወርዶ በዘዴ ያስነሣዋል። እኔ ከሦስተኛ ፎቅ ሆኜ ይህን አያለሁ፤ ደሜ ይፈላል፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም። ነገር ካነሣሁ የማልጥል ሰው ነኝ፤ እዚህ ያደረሰኝም ይኸው ጠባዬ ነው።

የምንኖረው ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የጋራ መኖሪያ ነው። እኔ ኮሌጅ ንድፍ አስተምራለሁ። መኪናዬ አሮጌ ቪትዝ ናት፤ ለዓመታት ቆጥበን ነው የገዛናት። ባለቤቴ ሴት ልጃችንን በወለደች ሰሞን አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ስወርድ የሁለቱም ስፖኪዮዎች መስታወት ተነቅሏል። ባዶው ፕላስቲክ ብቻ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ሌላ ገዛሁና ዳግም እንዳይነካ ብዬ የታርጋዬን ቁጥር መስታወቱ ላይ አስቀረጽሁ። ቀራጩ የአራት ቁጥርን እግር አስረዝሞ አበላሸብኝ፤ በዚያ ላይ ተጨቃጨቅን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የተቀረጸውንም ወሰዱት።

ከእኔ ቀጥሎ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ የኋላ መብራት ሄደ። እሳቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከመኪናቸው ጋር አብረው ያረጁ ሰው። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ስፖኪዮ፣ ከዚያ የአንዱ ባትሪ። ግቢው በመላ ተሞላ። ፓውዛ አስተከልን፤ መብራት ሲሄድ ፓውዛውም አብሮ ይሄዳል። ውሻ አመጣን፤ በሳምንቱ የግቢውን ሰው ሁሉ ተወዳጅቶ ማንም ሲመጣ ጅራቱን ይቆላል። አንዱ ጎረቤታችን መብራቶቹን በብረት ፍርግርግ አስበየደና መኪናው እስር ቤት መሰለች። እኔ ደግሞ ሦስተኛውን መስታወት ከገዛሁ በኋላ ማታ ማታ እየነቀልሁ በፌስታል ይዤ መግባት ጀመርሁ። ባለቤቴ፣ ሰው ዳቦ ይዞ ይገባል አንተ ስፖኪዮ፣ እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሳቁ ግን አልቆየም። በሩ ይዘጋል፣ ዘበኛው አለ፣ ውሻው አይጮህም፤ ስለዚህ ሌባው ከውስጥ ነው የሚለው ወሬ ተነሣ። ሰው ደረጃ ላይ ሲተላለፍ ሰላምታው አጠረ። አንዱ የሌላውን ሻንጣ በዓይኑ ይፈትሽ ጀመር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከእኛ ቤት የማትጠፋ አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ምድር ቤት ነው የምትኖረው፤ ፋብሪካ ትሠራለች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። የእኔ ዘመዶች ይፋግ ናቸው፣ የባለቤቴም ሩቅ፤ ስለዚህ አራሷን የያዘችልን እሷ ነበረች። ፈረቃዋ ከመድረሱ በፊት ወጥታ ሕፃኗን ታጥባለች፣ ገንፎ ታገነፋለች፣ ልብስ ዘፍዝፋ ትሄዳለች። እኔ እታለም እላታለሁ፤ እሷ ወንድም ዓለም ትለኛለች። ልጃችን ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና የምታነሣት እሷ እንድትሆን ስንጠይቃት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በማግሥቱ የማዕተቡን ክር ገዝታ መጣች።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። መንገዱ መዘጋጋት ከጀመረ ወዲህ ሥራ የለውም። ሳቂታ፣ ተጫዋች ሰው ነው፤ መኪናዬ አልነሣ ስትል ከሁሉ ቀድሞ የሚገፋልኝ እሱ ነበር። መኪና ያውቃል ብለን ኮሚቴው ምክር የጠየቀውም እሱን ነው። የትኛው ብሎን እንዴት እንደሚጠብቅ እየዞረ አሳይቶናል።

እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርሁ። መላው ሁሉ ሲያልቅ፣ ግዝት ይነገርልን ያልሁት እኔ ነኝ። ለፖሊስ አመልክተናል፣ መልስ የለም፤ ቢያንስ እግዜርን የሚፈራ ይመልሳል አልሁ። ሰው ሁሉ ተስማማ። የግማሹ ግቢ የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ ዘጌ ነው የሚያገለግሉት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ተሻግረው ይመጣሉ። ነገሩን ስናቀርብላቸው ፊታቸው ጠቆረ። ግዝት የሚይዘው የሚፈራውን ነው፣ የማይፈራውን ምን ታደርጉታላችሁ፣ አሉን። እኛ ግን ለመንናቸው።

በዚያ ቅዳሜ መኪና ማቆሚያው መካከል ቆመው መስቀላቸውን አነሡ። የወሰደ ሰው እስኪመልስ ድረስ የተገዘተ ይሁን ብለው ሊያበቁ ሲሉ ጣልቃ ገባሁ።

«አባ፣ አይቶ የሸሸገም ይበሉልን።»

ዞረው አዩኝ። ከዚያ ደገሙት፤ የወሰደም፣ ያስወሰደም፣ አይቶ የሸሸገም አሉ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ ቃል በቃል ጻፍሁት። በዚያ ሰዓት በራሴ ብልኅነት መደሰቴን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ንድፍ እንደሚያስተምር ሰው ክፍተት አይቼ የዘጋሁ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አልጠፋም። የጠፋውም አልተመለሰም። ግዝቱ ሠርቷል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ከረምሁ።

ለክርስትናው ስምንት ቀን ሲቀር ጎረቤታችን ክርስትናውን አላነሣም አለች። ምክንያቱን ለባለቤቴ አልነገረቻትም፤ ሌላ ፈልጉ ብቻ ብላ ክሩን መልሳ ሰጥታት ወረደች። ባለቤቴ ምን በድያት ይሆን እያለች ስታለቅስ አረፈደች። እኔም ተናድጄ፣ ላባብላት ይሁን ልጣላት ሳልወስን፣ እኩለ ቀን ላይ ቤቷ ሄድሁ።

ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወንበር ሰጠችኝ።

«መስቀል ከተሳለምሁ ወር አለፈኝ፣ ወንድም ዓለም» አለችኝ። «በምን አፌ ልጃችሁን ላንሣ?»

ምን ሆነሽ አልኋት። ጓዳ ገብታ ከአልጋው ሥር በትራስ ልብስ የተቋጠረ ነገር አወጣችና ጉልበቴ ላይ አኖረችው። ፈታሁት። ሦስት የስፖኪዮ መስታወትና አንድ የኋላ መብራት። ከላይ ያለው መስታወት ላይ ያ እግሩ የረዘመ አራት ቁጥር ነበር። ማን ብዬ አልጠየቅሁም። የባሏ ጃኬት በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

«ያገኘሁት ግዝቱ ሊነገር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እመልሰዋለሁ ብሎ ምሎልኝ ነበር። ብናገር ይታሰራል፤ ልጆቼም የሌባ ልጆች ይባላሉ። አባ 'የወሰደ' ብለው ቢያቆሙ እኔ ነጻ ነበርሁ። አይቶ የሸሸገም ያስባልኸው አንተ ነህ።»

ቋጠሮውን ዘግቼ መለስሁላት። 

«እንግዲህ አንተም አየህ» አለች። በክፋት አልነበረም፤ እያለቀሰች ነው የተናገረችው።

ሦስቱን ፎቅ የወጣሁት እንዴት እንደሆነ አላስታውስም። መጀመሪያ የመጣብኝ በባሏ ላይ ንዴት ነበር። ባለፈው እሑድ ከፊቴ ተሰልፎ ግንባሩንም ከንፈሩንም አስነክቶ መስቀል ሲሳለም አይቼዋለሁ፤ ዞሮም ሕፃኗ እንዴት ናት ብሎ ጠይቆኛል። እሱ በደህና ይበላል፣ በደህና ይተኛል። የታሰረችው እሷ ናት። ከዚያ ደግሞ ባለቤቴ በር ከፍታ ምን አለችህ ስትለኝ አፌ ሊናገር ሲል ደነገጥሁ። ብነግራት እሷም ያወቀች ትሆናለች፤ አውቃም መሸሸግ ይኖርባታል። ሰማንያ ቀን ጠብቃ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ስምንት ቀን ለቀራት ሴት ይህን አላሸክማትም አልሁ። አሞኛል አለች ብዬ ዋሸኋት። ብናገር ያቺን ሴት ከነልጆቿ አፈርሳለሁ፤ ባልናገር ልጄ ስትጠመቅ አባቷ የተገዘተ ሰው ሆኖ አጠገቧ ይቆማል። ለሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። የቡናውን ጫካ መንገድ ወጥቼ ቄሱን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አፌን ከመክፈቴ እጃቸውን አነሡ።

«ስም አትጥራብኝ፣ ልጄ። ዕቃው ይመለስ፣ ባለቤቶቹም ይቅር ይበሉ። ያን ጊዜ እፈታለሁ።»

ማን ይመልሰው አልኋቸው። ያየ ሰው ይመልሰው አሉ። እርስዎ ይዘውልኝ ይምጡ ብዬ ለመንሁ። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ እኔ ካመጣሁት የተናዘዘ ሰው አለ ይባላል፣ ከዚያ ግቢው ሁሉ ማን ወደ እኔ እንደመጣ፣ ማን መስቀል እንደሸሸ መቁጠር ይጀምራል፣ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መስቀል የሸሸችው አንድ ሴት ብቻ ነበረች።

ስመለስ ቋጠሮውን ከእሷ ተቀበልሁ። ባሏ እንዲመልሰው ለምናው እንደነበረ፣ እሱም በግዝት የሞተ ሰው አላየሁም ብሎ እንደሳቀባት ነገረችኝ። የባትሪውና የቀሩት መስታወቶች ነገር አልቋል፤ ተሽጠዋል። ዘበኛችን ረቡዕ ረቡዕ ንጋት ላይ ኪዳን ለማድረስ ስለሚሄድ ያን ሰዓት መረጥሁ። በእሱ መጠለያ ደጃፍ ጎንበስ ብዬ ቋጠሮውን ሳስቀምጥ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ጋቢውን ረስቶ ተመልሷል።

«ደህና አደሩ፣ ጋሼ?» አለኝ። የትራስ ልብሱን አየ፤ መብራቱ በአፉ በኩል ወጥቶ ነበር። ጋቢውን አንሥቶ ወጣ።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ያልሰማ አልነበረም። የራሱንም ነቅሎ ሲጮህ የነበረው እንዳይጠረጠር ነው አሉ። ማታ ማታ ስፖኪዮ በፌስታል ይዞ ሲገባ አላየንም እንዴ አሉ። ግዝት ግዝት ያለው ሌባ ራሱ ነው ብለውም ተገረሙ። እኔ ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰብሳቢው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጡ። ባለቤቴ ሕፃኗን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው የመጡት ሊያዋርዱኝ እንዳልሆነ፣ ዕቃው እንደተመለሰላቸው፣ የልጅ ክርስትናም እንደደረሰ በለሆሳስ ተናገሩ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የከበደኝ።

«ጉዳዩ ከዚህ ቤት አይወጣም። አንድ ቃል ብቻ ከአንተ እንስማ።»

አንድ ቃል ነበረችኝ። ብናገራት ነጻ እወጣ ነበር። በመስኮቱ ወደ ታች ሳይ ጎረቤታችን የተሰጣ ልብስ ትሰበስባለች፤ ትንሿ ልጇ መቆንጠጫውን ትለቅምላታለች። ይቅርታ አድርጉልኝ አልሁ። የለመንሁት ቃለ ጉባኤው ላይ ስለጻፍኋት ስለዚያች «አይቶ የሸሸገም» ቃል ነበር፤ እነሱ ግን ስለ መስታወቱ መስሏቸው ተነሥተው እግራቸው ላይ እንዳልወድቅ ያዙኝ፤ ይቅር ብለናል አሉ። የጸሐፊነቱን መዝገብ ይዘው ሄዱ።

ሲወጡ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ።

«እውነት አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ማን ነው ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።»

እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም። አምናኝ ይሁን ፈርታ አላውቅም። ግዝቱ ከተፈታ ወዲያ መናገር እችል ነበር፤ ግን ያቺ ሴት በየቀኑ ልጃችንን ለመሳም ትመጣለች፤ ባለቤቴ በምን ዓይን ታያታለች እያልሁ ተውሁት። ከዚያ ወዲህም ከግቢያችን አንድ ብሎን አልጠፋም። ይህም በእኔ ላይ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ።

ቅዳሜ ቄሱ መጥተው፣ ዕቃ የጠፋባቸው ሁሉ ይቅር ማለታቸውን ሰምተው፣ እዚያው መኪና ማቆሚያ ላይ ግዝቱን ፈቱ። በዚያው ምሽት ጎረቤታችን ክሩን መልሱልኝ ብላ ለመነችን። እሑድ ልጄን ያነሣቻት እሷ ናት። ከጥምቀቱ በኋላ ማዕተቡን ስታስርላት ሁለት ጊዜ አምልጧት በሦስተኛው ቋጠረችው። ከዚያ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ ተሰለፍን። እሷ ልጄን እንደታቀፈች ቀደመች፤ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳለመች። ባሏ ተከተላት። እኔ ከኋላው ነበርሁ።

ተሳልሜ ቀና ስል እሱ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«አይዞህ፣ ሰው ይሳሳታል። እኛ ረስተነዋል።»

እጄ ተጨበጠ።  እሷ ሁለት እርምጃ ርቃ ወደ እኔ ታያለች፤ ፊቷ አመድ ሆኗል። ልጄ በእቅፏ ውስጥ አዲሱን ክር ይዛ ተኝታለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልሁት።