አንቀልባው ያለ ስም

ትናንት ሴንት ፖል ያለው ሙዚየም ገብቼ እዚያ አንቀልባ ፊት ቆምኩ። የአገሩ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከዳኮታዎች ወገን የሆነች ሴት በዶቃ ያስጌጠችው የሕፃን ማዘያ ነው። ከሥሩ አሁንም «ሠሪው ያልታወቀ» ይላል። ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ስም ግን ግድግዳው ላይ በወርቃማ ፊደል ተጽፏል።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ እዚያ የወሰደን ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ ከምንኖርበት ከሆፕኪንስ እየነዳ። እማዬ መስታወቱን ተጠግታ፣ «የማን ልጅ ነው የታዘለበት?» አለች። ወንድሜ አስጎብኚዋን በእንግሊዝኛ ጠየቃት።

«አናውቅም ነው የምትለው።»

እማዬ ከንፈሯን አጣመመች። «ዕቃውን ሲወስዱ ምላስ አልነበራቸውም? በላት እንጂ!»

«ኧረ እማዬ፣ ታስወጣናለች!»

ሳቅን። አስጎብኚዋም ምን እንደተባለች ሳታውቅ አብራን ሳቀች።

ትናንትም የሙዚየሙን ሰዎች ናቅኳቸው። አንድ ስም መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ወንድሜ ከሞተ አራት ወሩ ነው። እማዬ እንዳታለቅስ ብለን ቤት ውስጥ ስሙን የሚጠራ የለም። ለቅሶ የሚመጡትም «ልጁ» ነው የሚሉት። እሷ ደግሞ አፍ አፋችንን ታያለች።

እኔም ይኸው፣ እስካሁን «ወንድሜ» ብቻ ነው ያልኩት።