የመንግሥት ቀለብ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት የዩኒቨርሲቲ መታወቂያውን ሸሚዙ ውስጥ ደብቆታል፤ ማሰሪያው ግን አንገቱ ላይ ይታያል። ጭኑ ላይ ድርቆሽ የሞላው ከረጢት አቅፏል፤ አፉን ይፈታና መልሶ ያስረዋል።

«መንግሥት እየቀለበህ ድርቆሽ ምን ይሠራልሃል?» ሲሉ አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ቀለዱበት። «ለፍተህ ያገኘኸውን ብላ እንጂ!»

ወጣቱ አልሳቀም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«የለፋችው ሌላ ናት፣ አባባ። ማትሪክ ስንፈተን እኔ ከእሷ ስገለብጥ፣ አስኮረጅሽ ብለው እሷን አስወጧት። እኔ ዝም አልሁ።»

«አሁን የት ናት?»

«ሞጣ መናኸሪያ ሻይ ትሸጣለች። ባለፍሁ ቁጥር ትቀዳልኛለች። ሂሳብ ግን አትቀበለኝም፤ ‹ተማሪ አይደለህ?› ትለኛለች።»