ፊቴን የተላጥኩለት ሰው

አዲስ አበባ ሄጄ ፊቴን በኬሚካል አስላጥኩ። ሐኪሟ «ፀሐይ እንዳይነካሽ» ብላ አስጠንቅቃኛለች፤ እኔ ደግሞ የማስተምረው አሶሳ ነው። ፈቃድ ወስጄ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ እንደ እባብ እየተላጥኩ ቤቴ ተቀመጥኩ።

አከራዬ እትዬ ሐዋ ሊጠይቁኝ ገብተው ፊቴን ሲያዩ ፈገግ አሉ። እሳቸው በርታ ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ ጭስ እየታጠነች፣ ቆዳዋ እስኪላጥ ከቤት የማትወጣው ሙሽራ ናት።

«መብሩክ ልጄ። ምነው ደበቅሽን?»

ሳወራ ጉንጬን ስለሚወጥረኝ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ለካ ሙሽራም የምታደርገው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ የሰፈሩ ሴቶች እልል እያሉ ግቢውን ሞሉት። ከኋላቸው የሒሳብ መምህሩ ባልደረባዬ፣ ይህን ሁሉ የተላጥኩለት ሰውዬ፣ ስኳር በፌስታል ይዞ ቆሟል።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ እህቴ» አለኝ።