ያልተሰበረው መስኮት

በሁለት ሺህዎቹ ዓመታት ናይሮቢ ውስጥ፣ በአንድ የመድን ድርጅት የካሳ ጥያቄዎችን እመረምር ነበር። አንድ ቀን ኪሊማኒ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር የሰርግ ቪዲዮ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት መጣች። ያልታወቀ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ ኮምፒውተሯ ላይ የነበረውን ሁሉ አጥፍቶባታል፤ ገና ያላስረከበቻቸው የስምንት ሙሽሮች ሰርግም አብሮ ጠፍቷል። ካሳ ካላገኘች ሱቋ መዘጋቱ ያሰጋት ነበር።

ውሉ ግን ለስርቆት የሚክሰው በር ወይም መስኮት ተሰብሮ ሲገኝ ብቻ ነው። እሷ ቅጹ ላይ «የተሰበረ ነገር የለም» ብላ ጽፋለች።

«ጎረቤቶቼ መስኮቱን ስበሪው ብለውኝ ነበር፣ እኅቴ» አለችኝ። «ታዲያ ለንስሐ አባቴ ምን እላቸዋለሁ? ድንጋዩን የወረወረው ኢንሹራንሱ ነው ልበል?»

ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን አፈርሁ። ሌባ በሽቦ መግባት ከጀመረ ውሉ በርና መስኮት ብቻ የሚጠብቀው ለምንድን ነው ብዬ ለአለቃዬ ሁለት ገጽ ጻፍሁ። እሱም «ኮምፒውተሩ ይሠራል አይደል?» ብሎ ጥያቄዋን ውድቅ አደረገው።

የእምቢታውን ደብዳቤ ራሴ ወሰድሁላት። አንብባ ስትጨርስ «አንዷን ካሜራ ሸጬ በሌላዋ እቀጥላለሁ» አለች። «ውሉንስ ላድሰው?»

ለደንበኛ ተናግሬው የማላውቀውን መለስሁላት፦ «ያ አንቀጽ እስኪሻሻል ድረስ አያድሱት።»