በቆሎ ውስጥ የገባችው ኳስ

የልጅ ልጄ የአሜሪካኖቹን ኳስ ያያል፤ በእጅ ተሸክመው የሚሮጡትን። አሰልጣኙ ምልክት ሲሰጥ ሰዓቱ ቆመ። «አካኮ፣ እየተመሩ ስለሆነ ደቂቃ እየቆጠቡ ነው» አለኝ።

እኔ ግን ልጅነቴ ላይ ነበርኩ፣ ጎረቤታችን ኡኬ መንደር ሜዳ። ሰዓታችን ፀሐይ ነበረች፤ ተራራውን ስትነካ ጨዋታው ያልቃል። ኡኬን አሸንፈን አናውቅም፤ ያን ቀን አንድ ለባዶ መራን። አሰልጣኛችን ኦቦ ቶላሳ፣ «አንተ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ በቆሎው ውስጥ ለጋት፤ ሲፈልጓት ይመሻል» አሉኝ።

ለጋኋት። ሁላችንም ገብተን ፈለግን፤ ቅጠሉ ይንሿሿል፣ ብርሃኑ ማር መስሏል። ሳትገኝ ፀሐይ ገባች፤ አሸነፍን። ኦቦ ቶላሳ በቆሎውን እያዩ፣ «ዛሬን አገኘን፣ ነገን እንጃ» አሉ።

ሌላ ኳስ እንደሌለን ትዝ ያለኝ በማግስቱ ነው። በቆሎው እስኪሰበሰብ ድረስ አሸናፊ ሆነን ቁጭ አልን።

አሁንም ጨዋታ ሳይ ዓይኔ ከኳሷ አይነቀልም።