የኔ ርቀት ሃያ ሁለት ርምጃ ነበር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጠመንጃ ተሰጠኝ። የእንስሳት ጤና ዲፕሎማዬን ይዤ ጎንደር ከተማ ውስጥ ወዳለው ክሊኒክ የገባሁት በግ ልከትብ፣ የላም ጡት ላክም፣ ቢበዛ አህያ ላዋልድ ብዬ ነው። ጠመንጃ በሐሳቤም አልነበረ።

የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ፍስሐ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሰብስበው አንድ ረጅም ሣጥን አስከፈቱ። ውስጡ ማደንዘዣ የሚተኩስ ጠመንጃ ነበር፤ በእርዳታ መጥቶ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የኖረ። "ዓይኑ ደህና የሆነ ማነው?" ሲሉ እጄን አወጣሁ። ሣጥኑ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እንዳነብላቸው የፈለጉ መስሎኝ ነው። ሌሎቹ ለካ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ አንዱ መነጽሩን ይወለውላል፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

"በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተኳሿ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

"ዶክተር፣ እኔ እኮ ወንጭፍ እንኳ ይዤ አላውቅም።"

"ጥሩ ነዋ። መጥፎ ልማድ የለብሽም ማለት ነው።"

መሣሪያውን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ባሩድ የለውም፤ የሚገፋው በታመቀ ጋዝ ነው። ጎኑ ላይ የግፊት መለኪያ አለው፤ ለቅርብ ይቀነሳል፣ ለሩቅ ይጨመራል። የሚተኩሰውን ነገር ዳርት እንለዋለን፤ ፊቱ መርፌ፣ ሆዱ መድኃኒት፣ ኋላው ቀይ ጭራ ነው። መርፌው ታፋ ወይም ትከሻ ላይ፣ ሥጋ የበዛበት ቦታ መግባት አለበት። ሆድ ላይ ካረፈ አንጀት ይበሳል። መድኃኒቱ በግማሽ ከገባ ደግሞ እንስሳው በግማሽ ሰክሮ ያገኘው ገደል ይገባል። ስለዚህ እንስሳውን መምታት ብቻ አይበቃም። የምትፈልጉት ቦታ ስፋቱ አንዲት ሳህን ያህል ነው።

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ አዘዞ ነበር። ከጭነት ማኪና ላይ ዘሎ ያመለጠ ኮርማ አዲሶቹ ቤቶች መካከል ገብቶ ሰፈሩን ያምሰዋል። ሚኒባሶቹ ቆመዋል፤ ሰው አጥር ላይ ተሰቅሏል። ኮርማው ከኔ አርባ ርምጃ ያህል ርቆ ቆሞ መሬት ይጭራል።

ዶክተር ፍስሐ የጠመንጃውን መመሪያ አንብበው ነበር። "እስከ ስድሳ ሜትር ይደርሳል ይላል። ይሄ አርባም አይሞላ። በይው!" አሉኝ።

ተኮስኩ። ዳርቱ በኮርማው ጀርባ ላይ አልፎ የአንድ ሰው ቤት የውኃ ታንከር ላይ ተሰካ። ፕላስቲክ ነውና ውኃው በቀጭኑ ፊጭ ማለት ጀመረ። ከዚያ አንድ የሚኒባስ ረዳት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እንግዲህ ታንከሩ እስኪተኛ እንጠብቃ!" አለ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ በኀፍረት ላቤ ሲንቆረቆር ባለ ኮርማው ከኪሱ ጨው አወጣና በመዳፉ ዘርግቶ፣ "ና ዳለቻ፣ ና የኔ ጌታ" ብሎ ተጣራ። ኮርማው ራሱን እየነቀነቀ መጥቶ ጨዉን ላሰ፤ በገመድ ታስሮ ሄደ። እኛ መድኃኒት የገባበትን የታንከር ውኃ ስናስደፋና ቀዳዳ ስናስደፍን ዋልን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዶክተር ሄንሪክ የሚባሉ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ የዱር እንስሳት ሐኪም፣ ለሁለት ሳምንት ሊያሠለጥኑን መጡ። የመጀመሪያው ቀን ጠመንጃውን አልነኩትም። ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በወጣትነታቸው በቀስት ያድኑ እንደነበር አጫወቱን፤ ዶክተር ፍስሐ ያስተረጉማሉ።

ሠላሳ ርምጃ ላይ ሆነው ሳህን የምታህል ምልክት አይስቱም ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቻቸው እያዩ ትልቅ አጋዘን ሃምሳ ርምጃ ላይ ቆመላቸው። ለቀቁት። ፍላጻው ሆዱን ወጋው። አጋዘኑ ጫካ ገባ። ሁለት ቀን ደሙን ተከትለው ፈለጉት፤ ከዚያ ዝናብ መጥቶ ዱካውን አጠበው። አላገኙትም።

"ቀስቱ እዚያ ድረስ ይበቃ ነበር። የኔ ችሎታ ግን ሠላሳ ላይ ነው ያለቀው" አሉን። ከዚያ በኋላ ማደን ትተው ሕክምና ተማሩ። ይህን ሲናገሩ ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔም ታንከሩን አስታውሼ አንገቴን ደፋሁ።

በማግሥቱ የሣር ክምር ላይ ሳህን የሚያህል ክብ ወረቀት ለጠፉና ወደኔ ዞሩ። "ከአሥር ርምጃ ጀምሪ። አሥር ጊዜ ተኩሺ። አሥሩም ክቡ ውስጥ ከገቡ ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ሂጂ። አንድ የወጣ ዕለት እዚያው ቁሚ።"

"ዘጠኙ ቢገባስ?" አልኳቸው።

"አሥረኛው የአንድ እንስሳ ሆድ ነው።"

በባዶ ዳርት ስተኩስ ሰነበትኩ። ፀጥ ባለ ግቢ ሠላሳ ርምጃ ደረስኩና ደስ አለኝ። ዶክተር ሄንሪክ ግን ገና አልጨረሱም። ከክሊኒኩ በታች ያለውን ዳገት ሁለት ጊዜ በሩጫ አስወጡኝ፤ ልቤ እየደለቀ ሳለ ተኩሺ አሉኝ። ሠራተኛውንም ከኋላዬ አቁመው አስጮኹት። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ሥራ እንዴት እንደወደዱት! ያቺን የታንከር ወሬ እያነሡ ነበር የሚጮኹት።

ያኔ ሃያ ሁለት ላይ ቀረሁ። ሃያ አራት ላይ ሦስቱ ወጡ።

"ርቀትሽ ሃያ ሁለት ነው" አሉኝ። "ሠላሳውን እርሺው፤ እሱ የሣር ክምር ርቀት ነው። ነፋስ ካለ ደግሞ አሥራ አምስት።"

ዶክተር ፍስሐም ሞከሩ። አሥር ርምጃ ላይ ሁለቱን ሳቱና ጠመንጃውን መለሱልኝ። "እኔ እንግዲህ እንስሳው ጭኔ ላይ ካልተቀመጠልኝ አልተኩስም" ብለው ከሁላችን በላይ ሳቁ።

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በአንድ ደብር ዜማ ያስተምራሉ። አንድ ጧት በክሊኒኩ ሲያልፉ ስለማመድ አገኙኝና ቆመው አዩኝ። ደንቡን ነገርኳቸው። አሥሩም ካልገባ አያልፍም ስላቸው ዱላቸውን ተመርኩዘው በጣም ተደሰቱ።

"ይሄማ የኛው ነው! ተማሪ ቃሉን ሲያቀርብ አንዲት ስትስተው ቁጭ በል፣ ድገመው ነው የምንለው። ሸጋ ሰው ናቸው ፈረንጁ። ድጓ ተምረዋል እንዴ?"

ለጎረቤት ሥራዬን ሲያወሩ ግን "ልጄ እንስሳ ታስተኛለች" ነበር የሚሉት። ሰዉ ሁሉ እሹሩሩ የምል ይመስለው ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ ሠራን። ያበደ ፈረስ፣ ጉድጓድ የገባ ጅብ፣ እግሩ የተሰበረ በሬ። ኮሶዬ ላይ፣ መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ጓሮ፣ አንድ ጭላዳ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ጭንቅላቱን ከትቶ ማውጣት አቅቶት ነበር። እሱ ስለማያየኝ አራት ርምጃ ድረስ ተጠጋሁት። እንደዚያ ቀላል ተኩስ አላውቅም። የመንጋው አውራ ግን ያየኝ ነበር፤ ጥርሱን ገልጦ እስከ ምግብ ቤቱ ማድ ቤት ድረስ አባረረኝ። ዶክተር ፍስሐ ቆርቆሮውን ሲያወልቁ እኔ በር ዘግቼ በመስኮት ነበር የማየው።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ የስሜኑ ዋልያ ነው።

አንድ ትልቅ ወንድ ዋልያ አንገቱ ላይ የወጥመድ ሽቦ ገብቶበታል፤ ሽቦው ሥጋውን እየቆረጠ ነው ተብሎ ተጠራን። ከዶክተር ፍስሐ ጋር በደባርቅ በኩል ወጣን። የተቀበሉን አያ መኳንንት የሚባሉ የፓርክ ጠባቂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በዚያ ገደል ላይ የጨረሱ ሰው። ስንደርስ ካሜራ የያዙ ሰዎችና አንድ ኃላፊ ቀድመውን መጥተዋል።

ዋልያው ገደሉ አፍ ላይ ቆሟል። ሽቦው በአንገቱ ጠጉር ውስጥ ይታያል፤ ቁስሉ ጠቁሯል። በዓይኔ ለካሁት፤ ሃምሳ ርምጃ ይሆናል።

"ጠመንጃው ስድሳ ሜትር ይደርሳል ተብሏል አይደል?" አለ ኃላፊው።

"ጠመንጃው ይደርሳል፤ እኔ አልደርስም" አልኩት።

"ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

ዶክተር ፍስሐ ወደ ጎን ወሰዱኝ። "እባክሽ፣ ሰው ሁሉ እያየን ነው። አንዴ ብቻ ሞክሪው።"

"ዶክተር፣ በግማሽ ብመታው ገደሉ አምስት ርምጃ ላይ ነው። ከፈለጉ ይኸው፣ እርስዎ ይተኩሱ" ብዬ ጠመንጃውን ዘረጋሁላቸው። አለቃዬን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ጠመንጃውን አዩ፤ ገደሉን አዩ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለና፣ "እኔ አሥርም አልሞላ" አሉ። ወደ ኃላፊው ሄደው፣ "ዛሬ አይተኮስም። የምትተኩሰው እሷ ናት፣ የምታውቀውም እሷ ናት" አሉት።

በማግሥቱ ሠላሳ ርምጃ ድረስ ተጠጋልን፤ ግን ነፋሱ ሣሩን ሁሉ ባንድ ወገን አስተኝቶታል። አሁንም አልተኮስኩም። ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ ሄደ፤ ካሜራዎቹም ተከተሉት። ዋልያው አንገቱን አዘንብሎ በዝግታ ነበር የሚግጠው። ብቻዬን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በኔ ግትርነት ቢሞትስ እያልኩ ምግብ አልወርድልኝ አለ።

አያ መኳንንት አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ። "ምነው ልጄ፣ ፊትሽን አጠቆርሽው?"

"ቢሞትስ አያ መኳንንት?"

"ሽቦው ቢገድለው ሽቦው ነው። ገደል ብትሰጂው ግን አንቺ ነሽ። ይልቅ ስሚኝ። ጧት ጤዛው ሲረግፍ ወደዚያ ጓሳ ሜዳ ይወጣሉ። እዚያ ገደሉ ሩቅ ነው። ቀድመን ሄደን ተኝተን እንጠብቃቸው።"

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከአያ መኳንንት ጋር ከጅብራው ተክል ሥር፣ ከአንድ ቋጥኝ ኋላ በሆዳችን ተኛን። ከመተኛቴ በፊት ሃያ ሁለት ርምጃ ቆጥሬ አንድ ነጭ ድንጋይ አስቀምጬ ነበር። ግፊቱን ለዚያ ርቀት ሞላሁት። ዶክተር ፍስሐ ቦርሳቸውን ይዘው ከታች ቀሩ።

ፀሐይ ሞቅ ስትል መጀመሪያ እንስቶቹ ከግልገሎቻቸው ጋር ወጡ። ቆይቶ እሱ መጣ። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ። ሃያ ስምንት ላይ ቆሞ አንገቱን በኋላ እግሩ ማከክ ጀመረ።

"አሁን!" አሉኝ አያ መኳንንት በሹክሹክታ። ራሴን ነቀነቅሁ። "ምነው?" በጣቴ ድንጋዩን አሳየኋቸው። ሽማግሌው ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ሳሉ እንዳያመልጣቸው የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎሰሩት። ፊታቸው ሲጠቁር በጎን ይታየኛል። ትከሻዬ ደንዝዟል፤ ጉልበቴ ሥር ጤዛው ገብቷል።

ዋልያው ሁለት ጊዜ ጋጠ፤ ሁለት ርምጃ መጣ። እንደገና ጋጠ። የኋላ እግሩ ድንጋዩን ሲያልፍ ጎኑን ሰጠኝ። ነፋስ የለም። ትንፋሼን እስከ ግማሽ አውጥቼ ያዝኩና ቃታውን በቀስታ ሳብኩ።

ቀዩ ጭራ ታፋው መካከል ላይ ቆመ።

ዘለለ። ሃያ ርምጃ ያህል ሮጠና ዞሮ አየ። ያን ጊዜ ብንነሣ በርግጎ እስከ ገደሉ ይሮጥ ነበር፤ አልተነቃነቅንም። እንስቶቹ እንደገና መጋጥ ጀመሩ። እሱም ረጋ። ቆይቶ ራሱ ከበደው፤ እግሮቹ ተንሻፈፉ፤ በደረቱ ተኛ። አያ መኳንንት ያኔ ነው ጋቢያቸውን ከአፋቸው አውጥተው ተራራው እስኪያስተጋባ የሳሉት።

ሮጥን። ዓይኑን በሻሼ ሸፈንኩ። በጎኑ ከተኛ ሆዱ ይነፋልና በደረቱ እንደተቀመጠ ደገፍነው፤ አያ መኳንንት ቀንዶቹን ያዙ። ዶክተር ፍስሐ እያለከለኩ ደርሰው ሽቦውን በፒንሳ ቆረጡት፤ ቁስሉን አጠቡ፤ መድኃኒት ወጉት። መጨረሻ ላይ ማንቂያውን መርፌ ሰጡትና ሁላችንም ሸሸት አልን።

ዋልያው ተነሣ። ተንገዳገደ። ከዚያ የዶክተር ፍስሐን ቦርሳ ባንድ ቀንዱ ጎሽሞ ቁልቁል አንከባለለውና ወደ መንጋው ሄደ።

"ምስጋናው ይኸው ነው!" ብለው ዶክተር ፍስሐ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። እየሳቁ ነበር፤ እኔ ግን አለቀስኩ። አያ መኳንንት ሁለታችንንም አይተው፣ "የከተማ ሰው ግራ ነው" አሉ።

ከወራት በኋላ አያ መኳንንት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ያ ያንቺው ዋልያ ዛሬ ከሌላ ወንድ ጋር በቀንድ ሲጋጭ ዋለ። አንገቱ ላይ ጠባሳ አለው። አሸነፈ!"

አሁን ዓይኔ ደክሟል። አምና ርቀቴን ስለካ አሥራ ስድስት ላይ ቀርቻለሁ፤ ጠመንጃውን ለአንዲት ወጣት ባልደረባዬ አስረከብኩ። እሷ ሃያ ስድስት ትደርሳለች፤ በጣም ያስቀናል። ለሷም፣ ይህን ጠመንጃ ለምትይዙ ለሌሎቻችሁም የምለው ይህን ነው። ርቀታችሁን በየዓመቱ ለኩ፤ ደክማችሁና ሰው እየጮኸባችሁ ለኩት። እንስሳው ከዚያ ውጭ ከሆነ ተጠጉ። መጠጋት ካልቻላችሁ ሳትተኩሱ ተመለሱ።